ስለ ሄርማን ሽታውዲንገር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የፖሊመር (ትንንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት) ምዕራፍ ላይ በደረስኩ ቁጥር የዚህን ሰው ስም አነሳለሁ፤ ባነሳሁ ቁጥር ደግሞ ጥያቄው ይዘንባል። ክፍል ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ በቴሌግራም። አንድ ዓይነት መልስ ደጋግሜ ከምጽፍ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ይሄን ያዘጋጀሁት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሰውዬው ማን ነው?

ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ማርች 23 ቀን 1881 ቮርምስ ከተማ ተወለደ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 ፍራይቡርግ ውስጥ አረፈ። በ1953 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ጎማ፣ ጥጥና ስታርች እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በተራ ኬሚካዊ ቦንድ (አቶምን ከአቶም በሚያያይዘው ማሰሪያ) የተያያዙ፣ ግን በጣም የረዘሙ ሞለኪውሎች ናቸው ብሎ የተነሳ ሰው ነው። ተነስቶም አልቀረ፤ እስኪታመን ድረስ አሥር ዓመት ተሟገተ።

ዛሬ ይሄ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሸመድደው ነገር ነው። በ1920 ግን እንዲህ ማለት ስም ያስጠፋ ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ይተረካል። እስከ 40 ዓመቱ አካባቢ ኦርጋኒክ ሲንተሲስ (የካርቦን ውህዶችን በላቦራቶሪ መሥራት)፣ ከዚያ ወዲህ ፖሊመር። ይሄ አከፋፈል ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም። ለምን እንደሆነ ወረድ ስትሉ ታገኙታላችሁ።

ዕፅዋት ሊያጠና ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አባቱ የፍልስፍና ሰው ነበሩ። ዕፅዋትን በወጉ ለመረዳት ከፈለግህ መጀመሪያ ኬሚስትሪ ተማር ብለው መከሩት። ልጅ ምክሩን ሰማና ሄደ፤ እዚያው ቀረ። በ1903 ከሃለ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ይዞ ወጣ።

በኦርጋኒክ ሲንተሲስ ዘመኑ ምን ሠራ?

ብዙ ነገር ነው የሠራው። ፖሊመርን ጨርሶ ባይነካ እንኳ ስሙ ከመጻሕፍት አይጠፋም ነበር።

ከሃለ በኋላ ሽትራስቡርግ ሄዶ ዮሐነስ ቲለ ከሚባል ፕሮፌሰር ጋር መሥራት ጀመረ። የቲለን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን። እዚያ በ1905 አንድ ክሎሪን ያለበት ውህድ ወስዶ ከዚንክ ጋር አገናኘው። ዚንኩ ክሎሪኖቹን ነጥቆ ሲሄድ ማንም ያልጠበቀው አዲስ የውህድ ቤተሰብ ብቅ አለ። ኬቲን ይባላል። ኬቲን ውስጥ አንድ ካርቦን በግራ ከሌላ ካርቦን ጋር በድርብ ቦንድ፣ በቀኝ ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ ተይዟል። ሁለት ወገን የሚጎትተው ሰው እንዴት ዕረፍት ያገኛል? ኬቲንም እንደዚያው ነው። ውሃ ካገኘ ከውሃ፣ አልኮል ካገኘ ከአልኮል ይጣመራል። ምንም ካላገኘ እርስ በርሱ ይያያዛል።

ይቺን የመጨረሻዋን ጠባይ ልብ በሉ። ሽታውዲንገር ስለ ፖሊመር ማሰብ የጀመረው ማንም ሳይጠራው ከዚህ ነው።

በ1907 ኬቲንን ኢሚን ከሚባል ናይትሮጅን ካለበት ውህድ ጋር አገናኘና አራት ማዕዘን የሆነች ትንሽ ቀለበት ሠራ፤ ቤታ ላክታም። ለምን እንደምትጠቅም ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። በ1940ዎቹ የፔኒሲሊን የሞለኪውል ቅርጽ ሲፈታ ልቡ ላይ የተገኘችው ይቺው ቀለበት ናት። ጉሮሯችሁን አሟችሁ ከፋርማሲ በምትገዙት አሞክሳሲሊን ውስጥም አለች። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሁሌም ይምታታባቸዋል፦ ፔኒሲሊን የሚመረተው በሽታውዲንገር ዘዴ አይደለም፣ በሻጋታ ነው። የእሱ ዘዴ የጠቀመው ቀለበቷን በላቦራቶሪ ከባዶ ለሚሠሩ ኬሚስቶች ነው።

በዚያው በ1907 ካርልስሩህ ገባ፤ በ1912 ደግሞ ዙሪክ በሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ሪቻርድ ቪልሽቴተርን ተክቶ ፕሮፌሰር ሆነ። ሊዮፖልድ ሩዚችካ ከሚባል ተማሪው ጋር ሆኖም የፓይረትረም አበባ ውስጥ ያለውን ነፍሳት ገዳይ ነገር መረመረ። ውጤቱ በ1924 ታተመ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የትንኝና የበረሮ መርጫ አብዛኛው የዚያ ውህድ ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው።

ከቡና ጋር ምን አገናኘው?

የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን ይሄ ጥያቄ አይቀርም።

ታዴዎስ ራይሽታይን የሚባል ሌላ ተማሪ ነበረው። በ1922 አካባቢ የተቆላ ቡና ሽታ ከምን ከምን እንደተሠራ ለአንድ ኩባንያ እንዲያጠና በሽታውዲንገር ሥር ሥራ ጀመረ። ነገሩ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ካገኟቸው ውስጥ ዋናው ፉርፉሪልታዮል የተባለ ሰልፈር ያለበት ውህድ ነው። እጅግ በጣም ጥቂቱ ልክ እንደተቆላ ቡና ይሸታል። በዛ ካላችሁ ግን ይከረፋል፤ አፍንጫ ያስይዛል።

ጥሬ ቡና አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? ሣር ሣር ይላል እንጂ የቡና ሽታ የለውም። ሽታው የሚፈጠረው ምጣዱ ላይ ነው። እናቴ ቆልታ ስትጨርስ ምጣዱን ይዛ እያንዳንዱ እንግዳ ፊት ስታዞር፣ እንግዳውም ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው ሲስብ፣ አንድ ሽታ የሚሳብ ይመስለኝ ነበር። ለካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ናቸው። ራይሽታይንና ሽታውዲንገር በዚያ ዘመን ዕቃ፣ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ፣ ዋናውን ለይተው ማውጣታቸው ይገርመኛል።

ጨዋታውን ጨዋታ ያነሳዋልና አንድ ነገር ልጨምር። ሩዚችካ በ1939 ኖቤል አገኘ፤ ራይሽታይን በሆርሞን ሥራው በ1950። አስተማሪያቸው ከሁለቱም ኋላ ነው የደረሰው።

በስሙ የሚጠራው ሪአክሽን ዛሬም ይሠራበታል?

በደንብ! በ1919 ከጁልስ ማየር ጋር ያወጣው ነው። ሦስት ናይትሮጅን የተሰለፉበት አዛይድ የሚባል ውህድ ላይ ፎስፊን የሚባል ፎስፈረስ ያለበት ውህድ ትጨምራላችሁ፤ ናይትሮጅን ጋዝ እየተንተከተከ ይወጣል። ከዚያ ውሃ ሲገባ አሚን የሚባል፣ አንድ ናይትሮጅን ብቻ የቀረበት ውህድ ይቀራችኋል። ረጋ ያለ፣ ሌላውን የሞለኪውሉን ክፍል የማይረብሽ ሪአክሽን ነው። በ2000 ካሮሊን ቤርቶዚና ተማሪዋ ሪአክሽኑን ቀየር አድርገው በሴል ገጽ ላይ ያሉ ስኳሮችን ለመለየት ተጠቀሙበት። ቤርቶዚ በ2022 ከሁለት ሌሎች ጋር ኖቤል የተሸለመችው በዚህ መስክ ነው።

እንዲህ የተሳካለት ሰው ለምን መስኩን ቀየረ?

ይሄ ጥያቄ በወዳጆቹም አፍ ነበር። 39 ዓመቱ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ አለ በሚባል ተቋም ፕሮፌሰር ነው፤ ያሻውን ቢሠራ ማን ይከለክለዋል? እሱ ግን በ1920 ስለ ፖሊመር መፈጠር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጎማም፣ ፖሊስታይሪንም፣ ከፎርማልዴሃይድ የሚሠራው ነጭ ዱቄትም ትንንሽ አሃዶች በተለመደው ቦንድ እየተቀጣጠሉ የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ናቸው አለ።

ሃይንሪህ ቪላንድ የተባለው ትልቅ ኬሚስት በቅን ልብ መከረው። ይሄን የትልልቅ ሞለኪውል ነገር ተው፤ ጎማህን በደንብ አጥራው፣ ያኔ ክሪስታል ይሆንልሃል፣ ትንሽ ሞለኪውል መሆኑንም ታያለህ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው ያለው። ሽታውዲንገር ራሱ ነው በኋላ የተረከው።

እኔ ግን ቀየረ ማለቱ ይከብደኛል። ከሳሾቹ ጎማ ልዩ ነገር ነው፣ ልዩ ኃይል ነው የያዘው ይሉ ነበር። እሱ ያለው ተቃራኒውን ነው፦ ምንም ልዩ ነገር የለም፣ ኬቲን ውስጥ ያየሁት ያው ቦንድ ነው፣ ብዛቱ ብቻ ነው የተለየው። ይሄን ለማለት የኦርጋኒክ ኬሚስት ዓይን ያስፈልግ ነበር። በዕቃም ቢሆን የተጠቀመው ያንኑ የለመደውን ብልቃጥና ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፋጥን ነገር) ነው።

ሌሎቹ ለምን አላመኑትም? ደንቆሮዎች ነበሩ?

በጭራሽ። ከዘመኑ ጭንቅላቶች መካከል ናቸው። የነበራቸውም ምክንያት ቀላል አልነበረም።

በዚያ ዘመን ኦርጋኒክ ኬሚስት ማለት ክሪስታል የሚወድ ሰው ነው። ንጹሕ ነገር በተባለው ሙቀት ቁርጥ ብሎ ይቀልጣል፤ ይተናል፤ ይመዘናል። ብልቃጥ ሥር ተጣብቆ የሚቀር ሙጫ ግን የውድቀት ምልክት ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ቡናማ ሙጫ ይዤ አንድ ከሰዓት ሙሉ በአሴቶን ስፈትግ ውያለሁ። አስተማሪያችን ብልቃጡን ዘቅዝቆ አየው፣ ሙጫው ንቅንቅ አላለም። “ድፋው” አለኝ፣ ሄደ። ሽታውዲንገር ዕድሜውን የሰጠው ለዚያ ለሚደፋው ነገር ነው። ባልደረቦቹ የቅባት ኬሚስትሪ እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ታዲያ ጎማን ምን ነው ይሉት ነበር? የትንንሽ ሞለኪውሎች ክምር። ካርል ሃሪስ የሚባለው የጎማ ሊቅ አይሶፕሪን የተባለው አሃድ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ከአሥሩ ካርቦን ስምንቱ የገቡባት ቀለበት ይሠራል፣ ቀለበቶቹ ደግሞ በድርብ ቦንዶቻቸው ላይ በሚተርፈው ደካማ ኃይል እየተሳሳቡ ይከማቻሉ ይል ነበር። ይሄ ድርብ ቦንድ ላይ የሚተርፍ ኃይል የማን ሐሳብ ነው ትላላችሁ? የቲለ! የዚያው ሽትራስቡርግ የተውነው ፕሮፌሰር። ሽታውዲንገር የተጋፋው ጠላቶቹን ብቻ አይደለም፤ የገዛ መምህሩን ሐሳብም ነው።

ሌላም ነበር። ኤሚል ፊሸር በ1907 አሥራ ስምንት አሚኖ አሲድ በመደዳ አያይዞ ክብደቱ 1,213 የሆነ (የሃይድሮጅን አቶም 1 ያህል ይመዝናል ብለን) ሞለኪውል ሠርቶ ነበር። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ንጉሥ ነው፤ እሱ ራሱ ከ5,000 በላይ የሚመዝን ሞለኪውል ይኖራል ብሎ አያምንም። ይኸው ሽታውዲንገር ተነስቶ መቶ ሺህ ሲል ማን ይሰማዋል?

በዚህ ላይ የኤክስሬይ ሰዎች መጡ። ሴሉሎስን በኤክስሬይ ሲያዩት ተደጋጋሚዋ የክሪስታል ክፍል ትንሽ ሆና ተገኘች። ሞለኪውል ከክፍሏ ሊበልጥ አይችልም፣ ክፍሏ ትንሽ ናት፣ ስለዚህ ሞለኪውሉም ትንሽ ነው አሉ። ስህተቱ “ሊበልጥ አይችልም” ያሉት ላይ ነው። ረጅም ገመድ በብዙ ክፍሎች ውስጥ ማለፍ ይችላል። ይሄን ሄርማን ማርክና ኩርት ማየር በ1928 ሲያሳዩ ነገሩ ረገበ። ከዚያ በፊት ግን ዙሪክን ሲሰናበት የሰጠው ንግግር ጭቅጭቅ ሆኖ ነው ያለቀው፤ በ1926 ዱሰልዶርፍ በተደረገው ትልቅ ስብሰባ ላይም ብዙዎቹ ተናጋሪዎች በተቃራኒው ወገን ነበሩ።

በምን አሳመናቸው?

እኔ አንዱን ሙከራ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። በ1922 ከያኮብ ፍሪትሺ ጋር የሠራው ነው።

እስኪ በተቃዋሚዎቹ መንገድ እናስብ። ጎማ የትንንሽ ቀለበቶች ክምር ነው እንበል። የሚያያይዛቸው ድርብ ቦንዱ ላይ የተረፈው ኃይል ነው። መልካም። እንግዲያው ድርብ ቦንዱን ብናጠፋውስ? ሃይድሮጅን በግፊት፣ በሙቀትና በካታሊስት ሲሰጠው ድርብ ቦንዱ ሞልቶ ነጠላ ይሆናል። ትርፍ የሚባል ነገር አይኖርም። ማያያዣው ከሌለ ክምሩ መበተን አለበት። ብልቃጡ ውስጥ መቅረት ያለበት አሥር ካርቦን ያለው፣ ቤንዚን የመሰለ፣ ሲያሞቁት ተንኖ በቱቦ የሚያልፍ ፈሳሽ ነው።

ምን ቀረ? ጎማ የመሰለ ነገር! ድርብ ቦንዱ ጠፍቷል፤ ነገሩ ግን አልተበተነም። ሲያሞቁት አይተንም። ሲያሟሙት እንደ ድሮው ወፍራም ነው። ማያያዣ የተባለው ተወሰደ፤ ቤቱ ግን ቆሞ ቀረ። እንግዲያው ቤቱን ያቆመው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ማክሮሞለኪውል (ግዙፍ ሞለኪውል) የሚለውን ቃል ያወጣው በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

ይሄን ሲያዩ ሁሉም እጅ ሰጡ ብትሉ ተሳስታችኋል። አንዱም ንቅንቅ አላለም ለማለት ይቻላል። በ1926 ፍራይቡርግ ገብቶ ማስረጃውን መደርደር ቀጠለ። ቀጣዩ ዘዴ እንደ ልብስ መቀየር ነው። ፖሊቪኒል አሲቴት የሚባለውን ፖሊመር ፖሊቪኒል አልኮል ወደሚባል ሌላ ፖሊመር ይቀይረዋል፣ ከዚያ መልሶ ወደ አሲቴት። ሰንሰለቱ እንዳለ ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ የተንጠለጠለው ብቻ ይቀያየራል። በየደረጃው ርዝመቱን ሲለካ ያው ነው። የክምር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ጠባዩ በተቀየረ ቁጥር የክምሩም መጠን በተቀየረ ነበር።

ሦስተኛው ወፍራምነት ነው። ስዊድን ውስጥ ቴዎዶር ስቬድቤርግ ሞለኪውልን በኃይለኛ ሽክርክሪት የሚመዝን ማሽን ነበረው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ሽታውዲንገር የተጠቀመው በቀጭን የብርጭቆ ቱቦና በሰዓት ነው። ፈሳሹ በቱቦው ለመውረድ ስንት ሴኮንድ ፈጀበት? ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ፈሳሹ ይወፍራል፣ ይዘገያል። ከመዘግየቱ ተነስቶ የሞለኪውሉን ክብደት ያሰላል።

ወጥ ቤት ገብታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። አንድ ማንኪያ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ አሟሙ። ውሃው ያው ውሃ ነው። በሌላ ብርጭቆ አንድ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት በትኑና ደጋግማችሁ ምቱት። ይለጠለጣል፤ ማንኪያውን ስታነሱት አብሮ ይጎተታል። አብሽ ውስጥ ያለው ለጥ የሚያደርገው ነገር ከስኳር አሃዶች የተሠራ ነው። ልዩነቱ መቀጣጠሉ ነው።

ናይለንንና ፌስታልን የፈጠረው እሱ ነው?

አይደለም። ናይለን የዋላስ ካሮተርስ ነው። ካሮተርስ አሜሪካዊ ኦርጋኒክ ኬሚስት ነው፤ ሃርቫርድ ሲያስተምር ቆይቶ በ1928 ዱፖንት ኩባንያ ገባ። የሽታውዲንገርን ሐሳብ ተቀበለና በሌላ በር መጣበት። ያለውን ፖሊመር ከመፍታት ይልቅ፣ አሲድና አልኮልን ሁሉም በሚያውቀው ሪአክሽን አንድ በአንድ እየቀጠልኩ ፊሸርን አልፋለሁ አለ። አለፈም። በ1930 ባልደረባው ጁልየን ሂል ከ10,000 በላይ የሚመዝን ፖሊስተር ሠራ። የቀለጠውን በብርጭቆ ዘንግ ጫፍ ነክቶ ሲስበው ክር ሆኖ ወጣ። ከዚያ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1935 ናይለን ተገኘ። በየደረጃው የሚታወቅ ሪአክሽን ስለነበር ክምር ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ከዚህ በኋላ አፉን ያዘ። ሽታውዲንገርን ከማንም በላይ ያገዘው ያለ ክርክር የሠራው ካሮተርስ ይመስለኛል። ካሮተርስ ግን የናይለን ካልሲ ሱቅ ሳይገባ በ1937 በ41 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

የፌስታሉ ፖሊኢትሊን በ1933 እንግሊዝ ውስጥ በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክም በ1941 እዚያው እንግሊዝ ተሠራ።

ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ነበር?

ባይፈልግም ገብቶበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዙሪክ ሆኖ ጦርነቱን ተቃወመ። በ1917 አሜሪካ ስትገባ የሁለቱን ወገን የኢንዱስትሪ አቅም አነጻጽሮ ጀርመን ልታሸንፍ አትችልም ብሎ ጻፈ። የመርዝ ጋዝን በአደባባይ ሲያወግዝ ደግሞ የጋዙ አባት ከሆነው ከፍሪትዝ ሃበር ጋር ተጣሉ። ሁለቱ ካርልስሩህ አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ሃበር አገርህን በጭንቅ ጊዜ ከጀርባ ወጋህ ብሎ ከሰሰው።

ይሄ ነገር ከ15 ዓመት በኋላ ዞሮ መጣበት። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የሆነው ፈላስፋው ማርቲን ሃይደገር ነበር። ሃይደገር የሽታውዲንገርን የጦርነት ዘመን አቋም ለባለሥልጣናት ጠቆመ። የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ የሆነው ጌስታፖ መረመረው። የመልቀቂያ ደብዳቤ አስፈረሙትና መዝገብ ውስጥ አስቀመጡት። በመጨረሻ ተፈጻሚ አልሆነም፤ ግን ማስፈራሪያነቱ በቂ ነበር።

ሚስቱም ሳይንቲስት ናት ይባላል?

ማግዳ ላትቪያዊት የዕፅዋት ሊቅ ናት፤ ሁለተኛ ሚስቱ ናት። አብራው ሠርታለች፣ አብራው ጽፋለች። የልጅነት ዕፅዋቱን መልሳ ያመጣችለት እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ በስተእርጅና ስለ ማክሮሞለኪውልና ሕይወት ብዙ ያስብ ነበር። በ1997 አረፈች።

ኖቤሉ ለምን ያን ያህል ዘገየ?

ሲሸለም 72 ዓመቱ ነበር። ግማሹ ምክንያት ክርክሩ ነው፤ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ አልበረደም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1940 ፍራይቡርግ ውስጥ ለማክሮሞለኪውል ብቻ የሚሆን የምርምር ተቋም አቋቁሞ ነበር፤ ኖቬምበር 27 ቀን 1944 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ተቋሙም አብሮ ወደመ። በ66 ዓመቱ፣ በ1947፣ ከፍርስራሽ መሐል ለመስኩ ራሱን የቻለ የምርምር መጽሔት መሠረተ። ጠባዩም ሳያዘገየው አልቀረም ባይ ነኝ። ለተቃዋሚ መንገድ የሚለቅ ሰው አልነበረም።

ሽልማቱ የደረሰው የዲኤንኤ ጥምዝምዝ ቅርጽ በታወቀበት በዚያው በ1953 ነው። ዲኤንኤም እንግዲህ ማክሮሞለኪውል ነው።

እሱስ የተሳሳተበት የለም?

አለ እንጂ። ሰንሰለቶቹን ቀጥ ያሉ ዱላዎች አድርጎ ነበር የሚያስባቸው። ወፍራምነት ከክብደት ጋር እኩል እኩል ያድጋል ያለውም ከዚህ ተነስቶ ነው። ኬሚስቱ ቬርነር ኩን “የለም፣ ሰንሰለቱ እንደተጣለ ክር የተጠቀለለ ነው” ሲለው አልሰማም። ማርክ ቀመሩን ሊያስተካክል ሲሞክርም ተከራከረ። ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ የምንጠቀመው የታረመውን ነው፤ የእሱ ቀመር ለጥቂት ጉዳይ ብቻ የሚሆን ሆኖ ቀረ። የሚገርመው በ1920ዎቹ እሱን ያላመኑት ሰዎች ያደረጉትን ነው ራሱ በ1930ዎቹ ያደረገው።

ተማሪዎቼ ዱላ ነው ወይስ ክር ብለው ሲከራከሩ ከኪሴ የብር ማሰሪያ ላስቲክ አወጣለሁ። እናንተም ሞክሩት። ሰፋ ያለውን ምረጡ። ቶሎ ብላችሁ በኃይል ሳቡትና እንደተሳበ የላይኛው ከንፈራችሁ ላይ አድርጉት። ሞቅ ይላል። እንደሳባችሁት ጥቂት ቆዩ፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳይሆን ፈጠን አድርጋችሁ ልቀቁትና መልሳችሁ ከንፈር ላይ አድርጉት። አሁን ቀዝቀዝ ይላል። ስትስቡት የተጠቀለሉት ሰንሰለቶች ይሰለፋሉ፣ ሙቀት ያወጣሉ። ስትለቁት ተመልሰው ይጠቀለላሉ፣ ሙቀት ከከንፈራችሁ ይወስዳሉ። ባለፈው ዓመት አንዷ ተማሪ ላስቲኩን አምስት ጊዜ ሳበችና “እሺ፣ ክር ነው” ብላ መለሰችልኝ።